የ1971ዱ «ብራያንስ ሶንግ»፦ ከሞቱ ይልቅ ጉልበቱን ተመልከቱ

«ብራያንስ ሶንግ» ለሲኒማ ቤት የተሠራ ፊልም አይደለም። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በየሳምንቱ ያሳያቸው ከነበሩት ፊልሞች አንዱ ሆኖ ማክሰኞ ማታ ኖቬምበር 30 ቀን 1971 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስታወቂያው ሲወጣለት 73 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ቺካጎ ቤርስ የተባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሁለት ተጫዋቾች ይተዋወቃሉ፣ ለአንድ ቦታ ይፎካከራሉ፣ አንዱ ጉልበቱን ይጎዳል፣ ሌላው በ26 ዓመቱ በካንሰር ይሞታል። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ የተወሰደውም ጉልበቱን የሚጎዳው ጌል ሴየርስ በ1970 ካሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። ብራያን ፒኮሎ እንደሚሞት ፊልሙ ራሱ ገና ከመነሻው ስለሚያስታውቅ፣ እዚህ ማውራቱ የሚያበላሸው ነገር የለም።

ፍርዴን ላስቀድም። የቡድን ጓደኝነትንና የማይድን ሕመምን አንድ ላይ ከያዙ የስፖርት ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይኼ ነው። ጥንካሬው ያለው ጓደኝነቱን ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ሠርቶ በመጨረሱ ላይ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ አብዛኞቹ ፊልሞች ምርመራው ከታወቀ በኋላ ነው ሰዎቹን የሚያቀራርቧቸው፤ አንዱ አልጋ ላይ ሲወድቅ ሌላው ድንገት ደግ ይሆናል። እዚህ ግን ካንሰር የሚለው ቃል ሲነሳ ሴየርስ ለፒኮሎ ትልቅ ውለታ አለበት፤ እኛም ውለታው እንዴት እንደተዋለ ደረጃ በደረጃ አይተናል።

ይህን ለመከታተል ስለ አሜሪካን ፉትቦል ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ኳስ ሲባል በእግር የሚመታው ብቻ የሚታየው ተመልካች ያለ እሱ ግማሹን ያጣል። በሜዳው ላይ 11 ለ11 ይገጥማሉ። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፣ ይህም ዘጠኝ ሜትር ከአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ይቀበልና ወይ ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ወይም ከኋላው ለቆመ ሯጭ ያስረክበዋል። ሯጩ ኳሱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሰው በሰው ላይ በተከመረበት መሐል ይሾልካል። ሴየርስም ፒኮሎም ሥራቸው ይኼው ነው፤ ሁለቱም ሃፍባክ ናቸው። ስለዚህ ሴየርስ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ፒኮሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። የፊልሙ ውጥረት በሙሉ ከዚህ ይነሳል።

በመካከላቸው የነበረውን ርቀት ፊልሙ በጨረፍታ ያልፈዋል፤ እናንተ ግን ይዛችሁት ግቡ። ሴየርስ በ1965 ከኮሌጅ በወጡ ተጫዋቾች ምርጫ በአራተኛነት የተወሰደ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 22 ተችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ማሻገር) አስቆጠረ፤ ከእነዚህ ስድስቱን በአንድ ጨዋታ፣ ዲሴምበር 12 ቀን ጭቃ በሆነ ሜዳ ላይ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ላይ። ፒኮሎ ደግሞ በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ በ1964 1,044 ያርድ ሮጦ ከአገሪቱ የኮሌጅ ሯጮች አንደኛ ወጥቶ ነበር። ያም ሆኖ በምርጫው አንድም ቡድን አልጠራውም፤ ቤርስ የገባው ራሱ ተስማምቶ ነው። ያለ ማቋረጥ የሚቀልደው ሰውዬ ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው የሚቀልደው። ፒኮሎን የሚጫወተው ጀምስ ካን ይህን ገብቶት ተጫውቶታል፤ ቀልዱን ከተናገረ በኋላ ሰው ሳቀ አልሳቀ ብሎ የሚጠብቅበትን ቅጽበት ልብ በሉ።

የትውውቃቸው ትዕይንት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሴየርስ ልምምድ ካምፑ ገና እንደደረሰ ፒኮሎ፣ አሰልጣኙ ጆርጅ ሃላስ አንድ ጆሯቸው አይሰማም ብሎ ያሳምነዋል። ሴየርስ ሃላስ ቢሮ ሲገባ «ወደሚሰማው» ጆሮ ለመጠጋት በወንበርና በጠረጴዛ መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሽማግሌው ይህ ልጅ ምን ነክቶት ነው በሚል ዓይን ይከተሉታል። ሴየርስን የሚጫወተው ቢሊ ዲ ዊሊያምስ እዚህ ላይ ከአፉ የሚወጣው ቃል ጥቂት ነው፤ ዓይናፋርነቱን በትከሻውና በእግሩ ነው ያወጣው። ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሴየርስ ሰው የሚያምን፣ የሚያፍርና ለመናገር የሚቸገር ሰው መሆኑን አወቅን። የመጨረሻው ንግግሩ የሚከብደው ይኼ ስለተተከለ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ኖቬምበር 10 ቀን 1968 ሴየርስ ሲሮጥ ዝቅ ብሎ በመጣ ተከላካይ ተመታና የቀኝ ጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ጅማቱን ይሰፉና እግሩን በጀሶ ያስሩታል። ጀሶው ሲፈታ የጭን ጡንቻ ሟሙቶ ይገኛል። የተሰፋው ጅማት ብቻውን ጉልበትን አያጸናም፤ ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ካልተመለሰ መገጣጠሚያው በአቅጣጫ ለውጥ ላይ ይከዳል። እንደ ሴየርስ በአንድ እርምጃ ቀኝና ግራ ለሚታጠፍ ሯጭ ደግሞ ይህ ማለት የሙያው መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሥራው ቁጭ ብሎ ክብደት በእግር ማንሳት ነው፤ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ፣ በየቀኑ፣ እያመመ።

ፊልሙ ይህን ትዕይንት ሴየርስ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አድርጎታል። ፒኮሎ የክብደት ማንሻውን መሣሪያ ራሱ ይዞለት ይመጣል። ሴየርስ አኩርፏል፤ ማንንም ማየት አይፈልግም። የፒኮሎ ክርክር ርኅራኄ የሌለበት ይመስላል፦ ቦታህን ማሸነፍ የምፈልገው አንተ ጤነኛ ሆነህ ነው፣ በአንካሳ የተገኘ ቦታ አልፈልግም ነው የሚለው። እዚህ ላይ የምታዩት ሰው ሴየርስ በሌለበት ነው መሰለፍ የቻለው፤ በዚያ ዓመት 450 ያርድ ሮጧል። ሴየርስን ባዳነ ቁጥር ራሱን ወደ ወንበር እየመለሰ ነው። አንድም ሰው በፊልሙ ውስጥ ይህን በቃል አይናገረውም፤ ለዚህም ነው የሚሠራው።

በዚያው ምድር ቤት ወላጆች አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ቦታ አለ። ሴየርስ ጥቁር፣ ፒኮሎ ነጭ ነው፤ ሴየርስ ክብደቱን ማንሳት ሲያቅተው ፒኮሎ ሊያናድደውና ጉልበት ሊሰጠው ብሎ ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ያንን አስቀያሚ ቃል ይጠራዋል። ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል፤ ሴየርስ በሳቅ ይወድቃል፣ ሁለቱም መተንፈስ እስኪያቅታቸው ይስቃሉ። ትዕይንቱ አደገኛ ነው፤ ቃሉ ዛሬ ከዚያን ጊዜም በላይ ይከብዳል። ቦታውን የሚያገኘው ቃሉ ከፒኮሎ አፍ ፈጽሞ የማይገጥም በመሆኑና ሴየርስም ይህን ከማንም ቀድሞ ስላወቀ ነው። ልጆቻቸውን አሜሪካ የሚያሳድጉ ወላጆች እዚህ ጋ ፊልሙን አቁመው ቢያነጋግሯቸው ይሻላል፤ አንድ የቅርብ ጓደኛ በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረው ቃል፣ ሌላ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ሊናገረው የሚገባ አይደለምና።

የዘር ጉዳይን በተመለከተ ፊልሙ ከሚገባው በላይ አቅልሎታል ብዬ አምናለሁ። ጥቁርና ነጭ ተጫዋች አንድ ክፍል እንዲያድሩ መደረጉ ለቤርስ ትልቅ ነገር ነበር፤ በእውነተኛው ታሪክ የሆነው በ1967 ነው፣ ሁለቱ ክለቡን ከተቀላቀሉ ከሁለት ዓመት በኋላ። ፊልሙ ወደ መጀመሪያው ካምፕ ስቦ አምጥቶታል። በርኒ ኬሲ የሚጫወተው የቡድን ጓደኛቸው ጄ.ሲ. ካሮላይን፣ ከነጭም ከጥቁርም ወገን ነቀፋ እንደሚመጣ ሴየርስን ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነቀፋው ሲመጣ አናይም። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶ መንገዱ ጽድት ብሎ ይገኛል። ከ73 ደቂቃው ላይ አምስት ደቂቃ ለዚህ ቢሰጥ ፊልሙ ይበልጥ ይከብድ ነበር።

ከጉልበቱ በኋላ የሚመጣውን የሩጫ ቅንብር ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ በዛፍ መሐል ሲሮጡ የሚሼል ለግራንድ ሙዚቃ ይመጣል። ዜማው ቀላል ነው፣ አንዴ ከሰማችሁት ከጆሮ አይወጣም። በሩጫው ላይ በትክክል ይሠራል፤ ሰውነት ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል በእሱ እንማራለን። ሆስፒታል ውስጥ ሲመለስ ግን ከተዋንያኑ እየቀደመ ያለቅሳል። ካንና ዊሊያምስ በዝምታ ሊሸከሙት የሚችሉትን ሙዚቃው ይነጥቃቸዋል። የዳይሬክተሩ የበዝ ኩሊክ እጅ በዚያ ቦታ ትንሽ ቢቆጠብ ደስ ባለኝ።

በ1969 ሴየርስ ተመለሰ። የቤርስ ፉልባክ ሲጎዳ ፒኮሎ ያንን ቦታ ያዘ። ፉልባክ ከሃፍባኩ ጋር ከኳርተርባኩ ጀርባ የሚሰለፍ፣ ብዙ ጊዜ በደረቱ መንገድ የሚከፍት ሯጭ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ናቸው፣ 40 ቁጥርና 41 ቁጥር። ደንቡን ያልያዘ ተመልካች ይህን ደስታ አያገኘውም፤ ለአራት ዓመት አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ጓደኝነት ጎን ለጎን የቆመው አሁን ነው። ደስታው ሳይዘልቅ ነው ፒኮሎ ክብደት መቀነስና ፍጥነት ማጣት የሚጀምረው።

ሕመሙ ላይ ፊልሙ በጣም ቁጥብ ነው፤ ካንሰር መሆኑን ይነግረናል፣ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገ ይነግረናል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። እውነተኛው ሂደት እንዲህ ነበር። ፒኮሎን አልለቅ ያለ ሳል ይዞት ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን 1969 አትላንታ ላይ በተደረገ ጨዋታ ተችዳውን ካስቆጠረ በኋላ ራሱ ጠይቆ ከሜዳ ወጣ። ራጅ ሲነሳ ደረቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ኒው ዮርክ በሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ተቀደደ፣ በ1970 መጀመሪያ ግን ካንሰሩ ተመልሶ መጣ። ጁን 16 ቀን አረፈ። የካንሰሩ ዓይነት ኢምብራዮናል ሴል ካርሲኖማ ይባላል፤ ከዘር ሕዋሳት የሚነሳ ነው። ይህ ወገን ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የወንድ የዘር ፍሬ ላይ፣ በወጣትነት ዕድሜ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ በቀጥታ ደረት ውስጥ ይነሳል። ደረት ላይ ሲሆን ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፣ ጤነኛ ስፖርተኛ ደግሞ ይህን ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ፊልሙን ዛሬ ለሚያይ ሰው መጨመር ያለበት ነገር አለ። ፒኮሎ በሞተ በአራተኛው ዓመት፣ በ1974፣ ዶክተር ላሪ አይንሆርን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ጋር አቀናጅተው ለዘር ፍሬ ካንሰር መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ። ያኔ የሞት ፍርድ የነበረው የተሠራጨ የዘር ፍሬ ካንሰር ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚድንበት ሆኗል፤ ከደረት የሚነሳው ዓይነት አሁንም ይከብዳል፣ ግን ለእሱም ሕክምና አለው። ስለዚህ ይህን ፊልም አይቶ «ካንሰር ከሆነ አለቀ» የሚል ድምዳሜ ይዞ መነሳት ስሕተት ነው። ከ15 እስከ 35 ዓመት ያለ ወንድ የዘር ፍሬው ላይ የማያምም ጠጣር እብጠት ካገኘ አፍሮ መቆየት የለበትም።

ዜናውን ለሴየርስ የሚነግረው ሃላስ ነው፣ ጃክ ዋርደን የሚጫወተው። ዋርደን ለዚህ ሚና ኤሚ ሽልማት ወስዷል፤ ይገባዋል። ተጫዋቾቹን በጩኸት የሚያስተዳድር ሽማግሌ ድምፁ ሲወርድበት ምን ዓይነት ነገር ሊመጣ እንደሆነ ከቃሉ በፊት እናውቃለን። ከዚያ ሴየርስ መልበሻ ክፍል ገብቶ ለቡድኑ ይናገራል። ቀድሞ አንድ ሽልማት ሲቀበል ፒኮሎ ንግግሩን አስጠንቶት፣ መድረክ ላይ ግን «አመሰግናለሁ» ብሎ ብቻ የወረደው ልጅ ነው እዚህ የቆመው። ሦስተኛውና ትልቁ ንግግር ሜይ 1970 ኒው ዮርክ ውስጥ የጀግንነት ሽልማት ሲሰጠው ያደረገው ነው፤ ሽልማቱ የሚገባው ለፒኮሎ እንደሆነ ተናግሮ ሰዎቹ ማታ ሲንበረከኩ እንዲጸልዩለት ለመነ። ፒኮሎ ከዚያ በኋላ የኖረው ጥቂት ሳምንት ነው። ዊሊያምስ በዚህ ንግግር ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ቃላቱ መካከል የሚተወው ክፍተት ያው የመጀመሪያው ዓይናፋርነት ነው። የፊልሙ ደራሲ የዊሊያም ብሊን ጽሑፍ ብልሃት እዚህ ይታያል፤ ሦስቱን ንግግሮች በየቦታቸው አስቀምጦ ሰውየው ያደገበትን መጠን ራሳችን እንድንለካው ትቶልናል።

ሽልማቱ ለምን እንደተሰጠ ፊልሙ በደንብ አያስረዳም። በ1969 ቤርስ ከ14 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። በዚያ በተሰባበረ ቡድን ውስጥ፣ በተሰፋ ጉልበት፣ ሴየርስ 1,032 ያርድ ሮጦ የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆነ። ወደ ሜትር ሲመለስ 944 ገደማ ነው፤ እያንዳንዷ ሜትር ከፊቷ የሚያስቆማት ሰው ነበረባት። ከፊልሙ በኋላ የሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ በ1970 የግራ ጉልበቱ ተጎዳ፣ በ1972 ጫማውን ሰቀለ፣ በ1977 በ34 ዓመቱ የፉትቦሉ የክብር አዳራሽ ከገቡት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ፣ ሴፕቴምበር 2020 አረፈ።

ደካማ ጎኑ ሚስቶቹ ናቸው። ሼሊ ፋባሬስ (ጆይ ፒኮሎ) እና ጁዲ ፔስ (ሊንዳ ሴየርስ) ጥሩ ተዋንያን ሆነው ሳሉ የተሰጣቸው በር መክፈት፣ መጨነቅና ማልቀስ ነው። ፒኮሎ ሦስት ትናንሽ ሴቶች ልጆች ትቶ ነው የሞተው፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሐዘን በፊልሙ ውስጥ እንደሌለ ነው ማለት ይቻላል። የሐኪሞቹም ክፍል እንዲሁ ቀጭን ነው።

የጨዋታ ቀረጻዎቹ ዓይን ሊያደናግሩ ይችላሉ። ፊልሙ ከእውነተኛ የቤርስ ግጥሚያዎች የተወሰደ ምስል ከተዋንያኑ ምስል ጋር ቀላቅሏል፤ ቀለሙና ጥራቱ ስለሚለያይ መገጣጠሚያው ይታያል። ግራ ከተጋባችሁ 40 ቁጥርን ብቻ ተከተሉ፤ የምታዩት ሩጫ ራሱ ሴየርስ የሮጠው ነው፣ የትኛውም ተዋናይ ያንን መታጠፍ ሊያስመስለው አይችልም። በካምፑ ትዕይንቶች ዲክ በትከስን ጨምሮ እውነተኛ የቡድኑ ተጫዋቾች ይታያሉ። ምስሉ በየመሐሉ ጥቁር ሆኖ የሚደፈነው ማስታወቂያ ይገባበት የነበረበት ቦታ ነው፤ ቅጂው ተበላሽቷል ብላችሁ አትተዉት።

ለማየት ስትነሱ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ ፊልሙ የተቀረጸው ለአራት ማዕዘኑ የድሮ ቴሌቪዥን ነው፤ የዛሬው ሰፊ ስክሪን በራሱ ከዘረጋው ተጫዋቾቹ ድንክ ይመስላሉ፣ ከቆረጠው ደግሞ የራስ ቁራቸው ይጠፋል። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ 4፡3 የሚለውን ምረጡና ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን። ሁለተኛ፣ ፒኮሎ ፈጣን ተናጋሪ ነው፣ ቀልዱም በቃላት ላይ የቆመ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር አብሩት፣ አለበለዚያ ከሦስት ቀልድ ሁለቱ ያመልጣችኋል።

በ2001 ኤቢሲ ራሱ ዳግም አሠርቶታል፤ መኪ ፋይፈር ሴየርስን፣ ሾን ማኸር ፒኮሎን ይጫወታሉ። ምስሉ የጠራ ነው። ልጆችን በአሮጌ ፊልም ማስቀመጥ ካቃታችሁ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የካንና የዊሊያምስ መተማመን የለውም፣ ምድር ቤቱም እንደመጀመሪያው አይከብድም። የ1971ዱን አስቀድሙ። በተመሳሳይ ጉዳይ ሌላ ማየት የፈለገ በ1973 የወጣውን «ባንግ ዘ ድራም ስሎውሊ» ይፈልግ፤ በቤዝቦል ቡድን ውስጥ ሆጅኪን የተባለ ካንሰር የያዘውን ተጫዋች ሮበርት ዲኒሮ ይጫወተዋል። እሱ ልብ ወለድ ነው፣ ቀዝቀዝና ረጋ ያለ ነው፤ የቡድን ጓደኞቹ የታመመውን ሰው የሚያከብሩት ከታወቀ በኋላ መሆኑንም ሳይሸፍን ያሳያል።

በቤታቸው በአሁኑ ሰዓት ካንሰር የሚታከም ሰው ያለባቸው የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ከበሽተኛው ጋር አብረው ባያዩት እመክራለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ፣ ካምፑም ምድር ቤቱም ሩጫውም፣ አብሮ ለመታየት የሚሆን ነው።